ክሪኬ ማን ቤት ነው?

ሐምሌ ላይ አንድ እሑድ ባለቤቴ የአይሱዙዋን ጋቢና አጸዳለሁ ብላ ገባችና ከወንበሩ ስር ያገኘችውን ሁሉ አውጥታ ብሎካችን በር ላይ ካርቶን አንጥፋ ደረደረችው። እጀታው የተሰበረ ካቻቢቴ። ሁለት መፍቻ፣ ሁለቱም ቁጥር 17። ግማሽ የልብስ ሳሙና። የካላማዳሪ ቁራጭ። በሃይላንድ ጠርሙስ ጸበል። አንድ እግር ካልሲ።

«ለአደጋ የያዝከው ይኼን ነው?» አለችኝ።

ካልሲው የረዳቴ መሆኑን ሳስረዳ ጊዜው ሄደና ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር፣ በኮድ 3 አይሱዙ ብሎኬት፣ አሸዋና ገረጋንቲ ለሚገነባ ሁሉ የማመላልስ ሰው ነኝ። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምክር የመስማት ጉልበት ነው። በመኪና ጉዳይ አስተያየት የሌለው ሰው በአገራችን አልተፈጠረም፤ መኪና የሌለውማ አስተያየቱ ይብሳል። «ለመኪናዬ የአደጋ ዕቃ ልገዛ ነው» ያልኩ ቀን ሻይ ቤቱ ሸንጎ ሆነ።

ዘመናቸውን አሰብ በፊያት ኤንትሬ ሲመላለሱ የጨረሱት ጋሼ ሻያቸውን እያማሰሉ «ገመድ፣ ታኮና ሳሙና። ሌላው ጌጥ ነው» አሉ። ገመዱና ታኮው ገብቶኛል፤ ሳሙናው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እንደ ሕፃን አዩኝ። ለካ የናፍጣ ታንከር በድንጋይ ሲበሳ ደረቅ ሳሙና አሽተው ቀዳዳው ላይ ይለጥፉበታል። ናፍጣ ሳሙና አያሟሟም፤ ጋራዥ ድረስ ያደርሳል። እኔ ደግሞ ግማሹን ሳሙና ይኼን ያህል ዓመት እጅ መታጠቢያ አድርጌው ኖሬያለሁ።

ከላይ ፎቅ የሚኖር አንድ ልጅ በስልኩ አንድ ዕቃ አሳየኝ፤ በሲጋራ መለኮሻው የሚሰካ የጎማ መንፊያ። ለቤት መኪና ደህና ነው። የአይሱዙ ጎማ በዚያች አሻንጉሊት መንፋት ከጀመርክ ግን ለመስቀል ትጨርሳለህ። ባለቤቴ «ጋቢ ያዝ» አለች። የእድራችን ጸሐፊ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሳት ማጥፊያ ግዛ፤ ትልቁን፣ ባለ 6 ኪሎውን» አለኝ። ስለ እኔ መቃጠል ይኼን ያህል ሲጨነቅ ልቤ ተነካ። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው።

የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። እዚያ ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ አይሸጥም። ልዩነቱ «ኦርጅናል» ነው፣ «ኦርጅናል ኦርጅናል» ነው ወይስ «እናቴ ትሙት ኦርጅናል» ነው የሚለው ላይ ብቻ ነው። ባለ 10 ቶን ክሪክ አንስቶ «ይኼ ሲኖትራክ ያነሳል» አለኝ ሻጩ። የኔ አይሱዙ ናት አልኩት። «እንግዲያው ሁለት ታነሳበታለህ» አለ፣ ሳያፍር። ክሪኩን ገዛሁ። የጎማ መፍቻ ከነፓይፑ፣ 12 ሜትር መጎተቻ ገመድ፣ የባትሪ ገመድ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን፣ የመጀመሪያ ሕክምና ቦርሳ፣ የግንባር ባትሪ፣ ጸሐፊው ያዘዘኝን እሳት ማጥፊያም ጨመርኩ። ይኼ ሁሉ የሚገባበት የብረት ሳጥን በበያጅ አሠርቼ ከስፖንዳው ስር አስበየድኩ። ረዳቴ የሰሌዳ ቁጥራችንን በቀይ ቀለም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ጻፈበትና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ አሁን የያዝነው መኪና ነው ወይስ ጋራዥ?»

የባትሪ ገመዱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አይሱዙዬ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥለው በ24 ቮልት የምትነሳ ናት። ብሎካችን ስር የሚያድሩት መኪኖች ቪትስና ኮሮላ፣ ሁሉም ባለ 12። እኔ ብቆም ከነሱ አንዱም አያስነሳኝም፤ እኔም እነሱን ላስነሳ ብል ልፈጃቸው እችላለሁ። ገመዱን የገዛሁት ቪትስ ከቪትስ እንዲረዳዳበት ነው ማለት ነው። ይኼን ለባለ ቪትሱ ጎረቤቴ ላስረዳው ሞክሬ «መብራት መብራት ነው ባክህ» ብሎ ገመዱን ይዞ ሄደ።

ታኮ ግን አልገዛሁም። ታኮ አይገዛም። ታኮ የሚባለው ይኼ ዳገት ላይ ስትቆም ጎማው ስር የሚወሸቀው ጠርብ እንጨት ነው፤ ረዳት ማለትም በድሮው ትርጉም መኪናዋ ሳትቆም ዘሎ ታኮ የሚያስገባ ሰው ነው። ዛሬ ረዳቱ ስልኩን ይዞ ጋቢና ነው፤ ታኮው ድንጋይ ሆኗል፤ ድንጋዩም መኪናዋ ስትሄድ እዚያው አስፋልቱ መሐል ይቀራል። ከተበላሸው መኪና ይልቅ የተበላሸው መኪና ትቶት የሄደው ድንጋይ ስንቱን ገለበጠ! ስለ አንጸባራቂውም ያው ነው። እኛ አገር አንጸባራቂ ማለት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ከኋላ ሦስት ቅርንጫፍ ጣል ጣል ካየህ ከፊት መኪና እንደቆመ ታውቃለህ፤ ቅጠሉ ከጠወለገ ደግሞ ሹፌሩ መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ እንደሄደ። የትኛውም የፋብሪካ ሦስት ማዕዘን ይኼን ያህል መረጃ አይሰጥም።

እንግዲህ ሳጥኔን ቆልፌ፣ ለማንኛውም አደጋ ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። አደጋው በሳምንቱ መጣ፤ በጎረቤት አምሳል።

መጀመሪያ የመጣው ጸሐፊው ነው። «እሳት ማጥፊያህን ለአንድ ሰዓት ብቻ። ቦሎ ላሳድስ ነው፤ መኪናውን አሳይቼ እመልሳለሁ።» ነገሩ አሁን ገባኝ። ከእሱ ለባጃጁ፣ ከባጃጁ ለሚኒባሱ፣ ከሚኒባሱ ለአጎቱ። የምርመራ በር ላይ ቆማችሁ ብታዩ ከፊት ያለው ጨርሶ ሲወጣ ከኋላ ላለው በመስኮት ያቀብለዋል። እሳት ማጥፊያዬ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ መኪና ለቦሎ አበቃ። እሳት ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቡሄ ማታ ችቦው ከታሰበው በላይ ሲንቀለቀል ዘበኛችን ደንግጦ ዱቄቱን በሙሉ ለቀቀበት። ልጆቹ ነጭ ሆነው ሲጨፍሩ አመሹ። የግፊት መርፌው አረንጓዴው ላይ መቆም ሲገባው ቀዩ ውስጥ ተኝቷል፤ እሱን የሚያይ ግን ስለሌለ ከዚያ በኋላም ሁለት መኪና አሳልፏል።

ገመዱ ለፍልሰታ ፍቺ ቅርጫ ሄደ። 12 ሜትር ሆኖ ወጥቶ 7 ሜትር ሆኖ ተመለሰ። አምስቱ ሜትር የት ገባ ስል «በሬው ነው የበጠሰው» ተባልኩ። በሬው ለምስክርነት አልተገኘም፤ እኔም ከሱ ላይ አንድ መደብ ስለደረሰኝ ነገሩን ማጥበቅ አልቻልኩም።

አንጸባራቂውን አንድ ደግ ሰው ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ አፍ ላይ አቆመው። በየቀኑ ሥራ ስወጣ አየዋለሁ፤ ቀይ ቀለማችን ከሩቅ ይነበባል። አላነሳው ነገር፣ ልጅ ቢገባበትስ? የሕክምና ቦርሳው በእግር ኳስ ቡድኑ ዘንድ ነው፤ መቀሱ ብቻ ተነጥሎ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሷል። የግንባር ባትሪው መብራት የጠፋ ዕለት ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ አልወረደም።

የክሪኩ ይለያል። እኛ ሰፈር ያለው ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ ጫማ ይውጣል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላቁጣል፣ በላዩ ያለውን ሁሉ እንደፈለገ ያዘማል። የባለ ሱቃችን ኮንቴነር በአንድ ማዕዘኑ ሰመጠች። «ቀና ላድርጋትና እመልሳለሁ» ብሎ ክሪኩን ወሰደ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ኮንቴነሯ ቀጥ ብላለች፤ ከስሯ ክሪኬ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ተሸክሟታል።

«አሁን ባወጣው ተመልሳ ትሰምጣለች» አለኝ። «ዝናቡ ያቁምና።» ከዚያ ለስላሳ በነፃ ጋበዘኝ። ምን ይባላል? በክሪኬ ላይ ሱቅ ተከፍቷል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ማግስት፣ 300 ብሎኬት ጭነን ኮዬ ፈጬ ገባን። ከአስፋልቱ ወርደን ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ የግራው የኋላ ጎማ ፈነዳ፤ ከመንትዮቹ የውጪኛው። መኪናዋ ሸብረክ አለች። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ እስከ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የክፍያ መንገድ ይጀምራል፤ እዚያ ብትቆም ቃኚ መኪና ይደርስልሃል አሉ። እኛ ጋ የደረሰልን ሁለት በግና አንድ እረኛ ነው። እረኛው ጎማውን አየው፣ በጎቹን አየ፣ «ፈንድቷል» አለንና ሄደ።

ረዳቴ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኋላ ጣለ። ሳጥኑን ከፈትኩት። የጎማ መፍቻው ከነፓይፑ፣ ከጎኑ ጋቢዬ። መፍቻው የተረፈው ቤት ውስጥ የሚሠራበት ስላልተገኘ ነው።

ሰው ተሰበሰበ። በዚህ በኩል አገሬን አላማም፤ መኪና ከቆመ ሰባት ሰው ሳይጠራ ይመጣል፣ ከሰባቱ አምስቱ መካኒክ ነው። አንዱ ፈርጣማ ወጣት መፍቻውን ተቀበለኝና ፓይፑ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው ከላይ ቆመበት። ሦስተኛው «አንድ፣ ሁለት...» እያለ ቆጠረላቸው። እኔ ከዳር «ወንድሞቼ፣ የግራው ጎማ በተቃራኒ ነው የሚፈታው!» እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ። እንደኔዋ ባለ የቆየ የጃፓን የጭነት መኪና ላይ የግራ ጎማ ብሎን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፤ ጎማው ሲሽከረከር ብሎኑ እንዳይላላ ታስቦ ነው። ሦስት ሰው ሙሉ ጉልበቱን አዋጥቶ እያጠበቀልኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጭቃውን ጠርጌ ብሎኑ አናት ላይ የተመታውን «ኤል» የሚል ፊደል አሳየኋቸው።

ፈርጣማው አየው። «ኤል ማለት ላርጅ ነው» አለኝና ቀጠለ።

እነሱ ላርጁን ሲያጠብቁ እኔ ስልኬን አወጣሁ። መጀመሪያ ለባለ ሱቁ ደወልኩ። ዝም አለ። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ ትልቅ የትካዜ ትንፋሽ ሰማሁ። «እሺ፣ ምን አደርጋለሁ» አለ፣ ዕዳ ከፍሎ እንደማያውቅ ሰው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ባጃጅ መጣች። ባለ ሱቁ ራሱ ከኋላ ተቀምጧል፤ ክሪኩን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖታል። እስከዚያ ሰባቱ ሰዎች ደክሟቸው ተቀምጠዋል፤ ረዳቴ ብቻውን፣ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ፣ መፍቻውን ወደ ቀኝ እየረገጠ አምስተኛውን ብሎን ይፈታል።

ከታች ጣውላ አነጠፍን፤ ኮቲቻ ላይ ክሪክ ያለ ጣውላ ካስቀመጥክ የምታነሳው መኪናውን አይደለም፣ ክሪኩን ራሱን ትቀብረዋለህ። ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ማለቴ ነው፣ አውርደን ቀየርን። ባለ ሱቁ ይኼን ሁሉ ጊዜ አልተቀመጠም፤ ከጎኔ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ» አለኝ። «ሱቁ ዘሟል፤ ስኳሩ ወደ አንድ ጥግ ሄዷል። ድንጋይ ነው ደግፌባት የመጣሁት።»

ጨርሼ ክሪኩን አወረድኩና እጄን በጋቢዬ ጫፍ ስጠርግ፣ ከእጄ ተቀብሎ ገለባበጠው። ከታች በኩል የወዛውን ዘይት በጣቱ ነካ አድርጎ አሳየኝ፤ በቀይ የተጻፈው የሰሌዳ ቁጥሬ ላይ ወርዷል።

«ያፈሳል ይኼ» አለ ቅር ብሎት። «ሌሊት ሌሊት ዝቅ ይላል። ኦርጅናሉን መግዛት ነበረብህ።»