ሦስት ጫማ ብቻ ተዉልኝ

በሆዴ ይዤው ከርሜ ነበር፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም። ጠዋት ከኦክላንድና ከበርክሌይ በላይ ባለው የግሪዝሊ ፒክ ዳገት ላይ በብስክሌት ስወጣ የአንድ መኪና ስፖኪዮ ግራ ክርኔን መቶኝ አለፈ። ለጥቂት ሳተኝ አይደለም የምላችሁ፣ መታኝ። ሹፌሩ ፍሬን እንኳ አልነካም።

ኦክላንድ ያላችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ታች ወደቡ፣ ክሬኖቹ፣ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ድልድይ የሚጎርፈው መኪና፣ የቴሌግራፍ ጎዳና ግርግር። እኔም ሹፌር ነኝ፤ በሳምንት ስድስት ቀን እዚያው መሀል ሰው ሳመላልስ እውላለሁ። የራሴ የምላት የሰኞ ጠዋት ብቻ ናት። ሰኞ ገና ሳይነጋ ብስክሌቴን ይዤ በበርክሌይ በኩል የስፕሩስን ዳገት እጀምራለሁ። ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው ባሕር ዛፉ ይመጣል፣ ሽታው ቁርጥ እንጦጦ። ዞር ሲሉ ጎልደን ጌት ድልድይ ከጉም ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። የሚሰማው የሰንሰለቱ ድምፅና የራስ ትንፋሽ ነው። ሐኪም ስኳር ሊጀምርህ ነው ብሎ ካስጠነቀቀኝ ወዲህ እኔን ሰው ያደረገኝ ይሄ ዳገት ነው።

እና ይችን ነው የሚቀሙኝ።

የካሊፎርኒያ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ብስክሌተኛን ስታልፍ ቢያንስ ሦስት ጫማ ራቅ በል ይላል፤ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከተመቸህ ረድፍ ቀይረህ እለፍ የሚል ተጨምሮበታል። ከባድ ነገር ነው? እኔ ዳገቱ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብሄድ ነው። ከኋላዬ ያለው ሰው ኩርባው እስኪያልቅ ቢታገሰኝ የሚጠፋበት ጥቂት ሰከንድ ነው። ግን አይታገስም። ፊቱ በማይታይበት ኩርባ ላይ ይወጣል፣ ከላይ መኪና ሲመጣበት ይደነግጥና ወደ ቀኝ ይመለሳል። ቀኝ ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እሱ በብረት ተከቧል፣ እኔን የሸፈነኝ ሸሚዝ ነው።

«ጥግህን ያዝ!» ይሉኛል በመስኮት። ጥጉን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ማታ ማታ የከተማውን መብራት ለማየት የሚወጣው ሰው መኪና ማቆሚያዎቹ ላይ ይጠጣና ጠርሙሱን እዚያው ሰብሮ ይሄዳል። ሌባ ደግሞ የቆመ መኪና መስኮት ይሰብራል። ያ ሁሉ ስባሪ መኪናዎቹ እየገፉት ጠርዙ ላይ ይሰበሰባል፣ በቃ እኔ እንድሄድበት የታዘዝኩበት ቦታ ላይ። ዝናብ የጣለ ለታ ይብሳል፤ እርጥብ ጎማ በቀላሉ ይቆረጣል። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ካላማዳሪ ቀይሬያለሁ፣ አንዱን በጉም ውስጥ እጄ ደንዝዞ። ሕጉ ራሱ ጠርዙ አደገኛ ከሆነ ወይም መንገዱ መኪናና ብስክሌት ጎን ለጎን ለመሄድ ከጠበባቸው ብስክሌተኛው ወደ መሀል መግባት ይችላል ይላል። ስገባ ግን ክላክስ ነው፣ ስድብ ነው።

ጠርሙሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሲጋራና ርችትም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1991 እነዚህ ኮረብታዎች ተቃጥለው 25 ሰው ሞቷል። መንገዱ ጠባብ ስለነበር መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ እሳቱ የደረሰባቸው ነበሩ። ያንን እሳት ካባባሱት አንዱ ይሄው ባሕር ዛፍ ነው፤ ዛሬም ቆሟል፣ ልጣጩም ደርቆ መንገዱ ዳር ተከምሯል። እዚያ ላይ ሲጋራ የሚወረውር ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አንድ ሰው ያስረዳኝ።

በጣም ያመመኝን ግን አልነገርኳችሁም። ክርኔን የመታኝን መኪና ከሁለት ኩርባ በኋላ አገኘሁት። እንደዚያ የከነፈው ሰውዬ ማቆሚያው ላይ ቆሞ የባሕሩን ፎቶ ያነሳል። ወርጄ ቀረብኩት። ሐበሻ ነው። ስፖኪዮው ላይ መስቀል አንጠልጥሏል።

«ወንድሜ፣ መታኸኝ እኮ» አልኩት።

«ውይ፣ ሐበሻ ነህ እንዴ? አላየሁህም» አለ። የለበስኩት ደማቅ ቢጫ ነው። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በዚህ ዕድሜህ ብስክሌት ምን ያደርግልሃል? መኪና የለህም?»

ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮች አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለሚወጣው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ «የኛ ልጅ!» ብሎ ፎቶውን ያልለጠፈ ሐበሻ እዚህ ከተማ አላየሁም። ቢኒያምም እኮ የሚለማመደው መንገድ ላይ ነው፤ ከኋላው መኪና አለ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ያበጠውን ክርኔን አሳየሁት። እሱ ግን ዞር ብሎ መጀመሪያ ያየው ስፖኪዮው ተጭሮ እንደሆነ ነው።