መድረኩ ላይ ጥቃቱን ሳይሆን ልጅቷን አሳዩን

ድሬዳዋ ላይ ሰውን ለስብሰባ ብትጠሩት ሰበብ አያጣም። ከበሮ ከተመታ ግን ማንም አይቀርም። ልጁም፣ ሽማግሌውም፣ ጫቷን የምትሸጠውም ከብበው ይቆማሉ። ለዚህ ነው በጦርነት ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ልጃገረዶች ጉዳይ በውዝዋዜ ለሕዝብ እናቅርብ የሚሉ ወጣቶችን ከልቤ የምደግፈው። ጉዳዩ በንግግር ብቻ አይነሳም። ልጅ ለእናቷ አትናገርም፣ እናትም ብታውቅ ለጎረቤት አታወራም። ሰው ምን ይላል የሚለው ፍርሃት ሁሉንም ዝም ያሰኛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ጥቃቱ ራሱ መድረክ ላይ አይታይ።

ሳቢያን አካባቢ አንድ ቡድን ሲለማመድ አይቻለሁ። ሁለት ወንዶች የእንጨት ጠመንጃ ይዘው ይገባሉ። ከሴቶቹ ትንሿን እየጎተቱ ሲሚንቶው ላይ ይጥሏታል። አሠልጣኙ አልጣመውም መሰለኝ፣ ደጋግሞ አስጀመራቸው። ልጅቷ በወደቀች ቁጥር ተነስታ ሻሿን ታስተካክላለች፣ ክርኗን ትጠርጋለች፣ ግድግዳ ተደግፋ ተራዋን ትጠብቃለች። መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉ ሕፃናት ያፏጫሉ። ወጣቶቹ ክፋት አስበው አልነበረም፤ ሕዝቡ ይደንግጥ ብለው ነው። ግን ያው ነገር የደረሰባት ልጅ ከተመልካቹ መሀል ብትቀመጥስ? ያንን ቀን እንደገና አሳየናት ማለት ነው። ያልደረሰበት ደግሞ ደንግጦ ቤቱ ይገባል፣ በማግሥቱም ይረሳል።

በዚያው ልምምድ ላይ ግን አንዲት ተወዛዋዥ ሌላ ነገር ሞከረች። ሸጎዬ ነበር የሚጫወቱት። ወንዱና ሴቱ ፊት ለፊት ተሰልፎ፣ አንገቱን እየወዘወዘ። ልጅቷ ከሰልፉ ትወጣለች። ቦታዋ ክፍት ይቀራል። ከፊቷ የነበረው ልጅ ከባዶ ቦታ ጋር ይጫወታል። ሌሎቹ እንዳላዩ ይቀጥላሉ። ስትመለስ ሰልፉ ቦታ አይለቅላትም። ምንም ጠመንጃ የለም፣ ማንም አልተጎተተም። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። እኔ ማየት የምፈልገው ይህንን ነው፤ ከጥቃቱ በኋላ እኛ ምን እንደምናደርጋት። የጎዳት ወታደር አጠገባችን የለም። ፊት የምንነሳት ግን እኛው ነን።

የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት ቆሟል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በ2014 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት የምርመራ ሪፖርት፣ ወሲባዊ ጥቃትን ጨምሮ በሁሉም ወገኖች በደል መፈጸሙን ገልጸዋል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬም አይደለም። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በግጭት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሐረር አጠገብ ሐማሬሳ ላይ ተጠልለው ነበር። ልጃገረዶቹ ዛሬ ጎረቤቶቻችን ሊሆኑ ይችላሉ።

ሌላው ልመናዬ መድረክ ላይ የሚለበሰውን የወታደር ደንብ ልብስ ይመለከታል። ድሬ የሁሉም ቤት ናት። ኦሮሞው፣ ሱማሌው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ ይኖራል። መድረኩ ላይ የአንድ ወገን ልብስ ከታየ ተመልካቹ ወዲያው ጎራ ለይቶ መከራከር ይጀምራል፣ ልጅቷም ትረሳለች። ይህ አጥፊውን መደበቅ ነው የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን አጥፊው በስሙ ሊጠራ የሚገባው ፍርድ ቤት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 270 በጦርነት ጊዜ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈር የጦር ወንጀል ነው። እሱ ሥራ ላይ ይዋል ብሎ መጮህም የኛ ድርሻ ነው።

ጭፈራው ሲያልቅስ? ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማይክ ይዞ «እንዲህ የደረሰባችሁ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው። ይልቅ አንዲት ነርስ መጨረሻ ላይ ትውጣና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማሊኛ ቁርጥ ያለውን ትንገር። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ከጥቃቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ነው፤ ቶሎ ከተወሰደ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ጊዜው ያለፈባትም ሕክምናና የሥነ ልቦና እርዳታ ማግኘት ትችላለች፤ የትኛው ጤና ተቋም፣ የትኛው በር እንደሆነ ጭምር ይነገር። ይህን ሰምታ ለእህቷ የምታደርስ አንዲት ልጅ ብትገኝ የልምምዱ ድካም ተከፈለ።

ተጎጂዎቹ ራሳቸው ለመወዛወዝ ከፈለጉ ደግሞ መንገዱ ይከፈትላቸው፤ ካልፈለጉ ግን ማንም አያግባባቸው። ኮንጎ ቡካቩ ውስጥ የማህፀን ሐኪሙ ዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ ከመሠረቱት አንዱ የሆኑበት «የደስታ ከተማ» የተባለ ማዕከል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጥቃት የተረፉ ሴቶችን ሲያሠለጥን ቆይቷል፤ ዳንስም አንዱ ትምህርት ነው። እኛም አገር አዱኛ የዳንስ ቡድን ከአዲስ አበባ የጎዳና ልጆች ተነስቶ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ከዚያ የወጣ ነው።

የከተማችን ቢሮዎች ማርች 8 ሲመጣ የኪነት ቡድን ይጠራሉ፤ በሁለት ንግግር መሀል አሥር ደቂቃ ሰጥተው፣ ውኃና ቲሸርት አስይዘው ይሸኛሉ። እስቲ አንድ ጊዜ ሙሉ ምሽቱን ይስጧቸው። የልምምድ ክፍያቸውንም ይክፈሏቸው። ቦታው አዳራሽ ባይሆን ይሻላል። ሙቀቱ በረድ ሲል ቀፊራ ገበያ አጠገብ ይሁን፤ ነጋዴዎቹ ሴቶች ሱቃቸውን ሳይዘጉ ማየት ይችላሉ።