ጎንደር ስለ ኅዳር 1859 ለምን ዝም አለች?

በአውሮፕላን ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው አዘዞ ላይ ሲወርድ የሚቀበለው የአፄ ቴዎድሮስ ስም ነው። አውሮፕላን ማረፊያው የተሰየመው በእሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በስሙ የሚጠራ ግቢ አለ። መሃል ከተማ ሐውልቱ ቆሟል። ልጆቻችንን ካሳ እንላለን፣ ቴዎድሮስ እንላለን። እኔም እወደዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈው እንደ ጥላቻ እንዳይቆጠርብኝ ነው።

በኅዳር 1859 ዓ.ም. ይህ ንጉሥ ጎንደርን ዘረፋት፣ አቃጠላትም። እሳቱን የለኮሰው የገዛ ሠራዊቱ ነው፣ ትእዛዙም የራሱ። በ44 ታቦቷ የምትታወቀው ከተማ አብያተ ክርስቲያናቷ ነደዱ። የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው።

እኛ ጋ ግን ስለ ቃጠሎ ሲወራ ቶሎ የሚጠራው ድርቡሽ፣ የሱዳኑ የማህዲ ጦር፣ ነው። ድርቡሽ በጥር 1880 ጎንደርን ማቃጠሉ እውነት ነው። ግን የመጣው ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ያገኛት አንዴ ነድዳ ያላገገመች ከተማ ነበረች። የራሳችንን ሰው ሥራም ለባዕድ ጨምረን አሸክመነዋል።

ለምን እንደምንወደው ይገባኛል። ካሳ ኃይሉ የቋራ ልጅ ነው። መኳንንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ሸፈተ። በ1839 የራስ አሊን እናት እቴጌ መነንን ማረካቸው። ከዚያ ደጃች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ ራስ አሊን በ1845 አይሻል ላይ፣ ደጃች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረገ። በየካቲት 1847 እዚያው ደረስጌ ማርያም ነገሠ። መስፍን ከመስፍን ሲፋጅ፣ ወታደር የገበሬውን ጎተራ ሲገለብጥ ለኖረ አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሕዝቡን ወደ እርሻህ፣ ወደ ንግድህ ተመለስ አለው። የባሪያ ንግድን ከለከለ። እንዲህ ያለ ሰው አይወደድም?

ታዲያ ምን ነካው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሐዘን ነው። ሚስቱ ተዋበች በ1850 ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ፤ የንጉሡ ወዳጅ እንግሊዛዊው ጆን ቤልም ብዙ ሳይቆይ በውጊያ ተገደለ። ደፍረው የሚመክሩት ሰዎች አለቁ፣ ከዚያ በኋላ ከፋ ይባላል። አንድ እውነት አለው። ለእኔ ግን አይበቃኝም። ሐዘን ብቻውን ከተማ አያቃጥልም።

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ገና በ1848 ከካህናቱ ጋር ተጋጨ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ የቀረው መሬት ይገብር አለ። ሐሳቡ፣ በእኔ እምነት፣ ትክክል ነበር። ሠራዊት በዘረፋ እንዳይኖር ደመወዝ ያስፈልጋል፤ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ካህናቱ እምቢ ሲሉት ግን ማሳመን አልቻለም፣ መጠበቅም አልሆነለትም። ጉልበት ያዘ። አቡነ ሰላማን አሰራቸው፤ እስር ላይ እንዳሉ መቅደላ ሞቱ። እምቢታ ሁሉ ክህደት ሆነ። ክህደት ሁሉ ሞት አስከተለ። ሞቱ ደግሞ ሌላ ሽፍታ ወለደ። ሠራዊቱን የሚቀልብበት አገር እየጠበበ ሲሄድ ገበሬውን ከወታደር ዘረፋ ሊያድን የተነሳው ሰው ራሱ ዘራፊ ሆነ። ጎንደር የነደደችው ሽፍታ አስጠግተሻል ተብላ ነው። ደግሞም ሀብት ስለነበራት ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ። ይህ ነገር በጣም ያመኛል። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱ ነበሩ። በ1860 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዘረፋቸው። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ይመለሱልን እንላለን፤ ልክ ነው፣ ይመለሱ። በ2011 የንጉሡ ጸጉር ከለንደን ሲመለስ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ጥያቄ ከአፌ አይጠፋም። እነዚያ መጻሕፍት መጀመሪያ ከጎንደር ደብሮች እንዴት ወጡ? በየደብሩ ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ዓይኑ እስኪፈዝ የጻፈ ሰው ነበር። የእሱን ሐዘን ማን ጻፈለት? መቅደላ ስለሞተው ጀግና የሚገጠመውን ግጥም ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ስለ ነደዱት ደብሮች ግን እኔ በልጅነቴ አንድ ስንኝ አልሰማሁም።

መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። በጥቅምት 1860 ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ወጣ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፉን ሴባስቶፖልን እያስጎተተ በየገደሉ መንገድ እየቆፈረ መጋቢት ላይ መቅደላ ገባ። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ እጄን አልሰጥም ብሎ ራሱን ገደለ። ይህን ጀግንነት ማንም አይነጥቀውም። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ ግን እንጀራና ውሃ ብለው የጮኹ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞችን አስገድሎ ገደል አስጥሏል። እነሱም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሁለቱም የአንድ ሳምንት ታሪክ ናቸው፤ እኛ አንዱን ብቻ ነው ለልጆቻችን የምንነግረው።

ሐውልቱ ይፍረስ የሚል ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ይቁም። የአውሮፕላን ማረፊያው ስምም ይቆይ። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሐውልቱ ሥር፣ ከልደቱና ከንግሥናው ቀን ጎን፣ «ኅዳር 1859» የሚል አንድ መስመር ይጻፍ። በዚያ ወር የነደዱት ደብሮች ስም በየበራቸው ይለጠፍ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት ለእንግዳ የሚያሳዩት ልጆች ስለ ድርቡሽ ሲያወሩ፣ ከዚያ በፊት ስለነደደው እሳትም ይጨምሩበት።