«አትጨነቅ» የሚሉት መድኃኒት

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚታደል፣ መጠኑ የማይለካ፣ ጊዜውም የማያልፍበት መድኃኒት ቢኖር «አትጨነቅ» የሚለው ምክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጭንቀት ሕመም የተያዙት ሰዎች 301 ሚሊዮን እንደነበሩ ሲገምት የመካሪዎቻቸውን ቁጥር አላወጣም፤ ቢያወጣ ኖሮ አንዱን ተጨናቂ ስንት መካሪ እንደሚጋራው ባወቅን ነበር።

የነገሩን አነሳስ እንመልከት። ማታ ከመኝታ በፊት ከአለቃ ዘንድ «ነገ ጠዋት ላነጋግርህ እፈልጋለሁ» የሚል መልእክት ይደርሳል። ለሌላው ሰው ይህ አራት ቃል ነው፤ ለተጨናቂ ግን ትርጓሜና አንድምታ የሚሻ ጽሑፍ ነው። ሰላምታው የት ሄደ? ከወትሮው አራት ነጥብ የማያውቅ ሰው ዛሬ መጨረሻው ላይ ምን አስቀመጠው? እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ሰውዬው ከሥራ ተባርሯል፣ ከቤቱ ወጥቷል፣ ልጆቹ ትምህርት አቋርጠዋል፤ ይህ ሁሉ የሆነው ከብርድ ልብሱ ሥር ሳይወጣ ነው።

አካሉም በበኩሉ ሥራ አይፈታም። ፊዚዮሎጂስቱ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 እንዳስረዳው፣ አደጋ ሲመጣ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሆድ ምግብ መፍጨቱን ይገታል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይጎርፋል፤ ዓላማውም ሰውዬው ወይ እንዲታገል ወይ እንዲሸሽ ነው። ዝግጅቱ ነብር ለገጠመው ሰው እንከን አይወጣለትም። አለቃን ግን እንዳይታገሉት ሕግ አለ፣ እንዳይሸሹት ደመወዝ አለ፤ ስለዚህ ለሩጫ የተሰናዳው ጡንቻ ጣሪያ ሲያይ ያድራል።

መካሪው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። «ተረጋጋ!» ይላል፣ ብዙውን ጊዜ እየጮኸ። ቀጥሎም «ስለዚህ ነገር አታስብ» ብሎ ያዝዛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ተሳታፊዎቹ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡ ደግሞ ደወል እንዲደውሉ ታዘዙ፤ ደወሉ በአማካይ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ጮኸ። ነጭ ድብ ማንንም ከሥራ እንደማያባርር ልብ ይሏል።

ቅር የሚለው ባይጠፋም፣ ከመካሪ ሁሉ የሚከፋው ደጉ መካሪ ነው እላለሁ። ሌሊት ስልክ አንስቶ «ምንም አይፈጠርም» ይላል፤ ተጨናቂውም ለጥቂት ደቂቃ እፎይ ይልና «እርግጠኛ ነህ?» ሊል መልሶ ይደውላል። በሩን ቆልፎ የወጣ ሰው ተመልሶ እጀታውን ሲነቀንቅ የሚሆነውም ይኸው ነው። ማረጋገጫው ለጊዜው ያሳርፋል፤ አእምሮ ግን «የዳንነው ተመልሰን ስላየን ነው» ብሎ ይመዘግብና በማግስቱ ሁለት ጊዜ ያስመልሳል። ቤቱን ሌባ ባይደፍረውም እጀታው ይላላል።

ከታወቁት ዘዴዎች ሁሉ እኔን የሚያስቀኝም የሚያሳምነኝም የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት ነው። እነርሱ ጭንቀትን አያባርሩትም፤ ቀጠሮ ይሰጡታል። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ግማሽ ሰዓት ይመደብለታል፤ በሌላ ጊዜ ብቅ ካለ «አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ፣ አመሻሽ ላይ ተመለስ» ይባላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ባለጉዳይን ሲያመላልስ የኖረ ቢሮክራሲ በመጨረሻ ለጤና ጠቀመ ማለት ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ነው። ሌሊት ቤት ያፈርስ የነበረው ስጋት ወንበር ስበው ሲያስቀምጡትና «እሺ፣ ተናገር» ሲሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ያጣል። ከዝርዝሩ ሳይሰረዝ የሚቀረው አንድ ሁለት እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌ ለወራት የተሸሸ የሕክምና ምርመራ። እርሱ ደግሞ ስልክ ተደውሎ ቀን እስካልተያዘለት ድረስ በሐሳብ ብዛት አይፈታም። ስልክ መደወል ያስጨንቃል፤ ስለሆነም ጉዳዩ በሙሉ ድምፅ ለነገው ቀጠሮ ይተላለፋል።