ይድረስ ለክቡር ዲኤች ፓራም፣ የጊዜያዊ ቁልፍ ቋሚ ሹም

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእንቅልፍ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በአንድ መካከለኛ ድርጅት ውስጥ ሰርቨር የምጠብቅ ሰው ነኝ። እርስዎም ሰርቨሬና ጎብኚው የምሥጢር ቁልፍ ሲስማሙ የሚነሡበት ትልቅ ቁጥር ነዎት። ላያስታውሱኝ ይችላሉ። እኔ ግን እስኪወለዱ ድረስ አንድ ሙሉ ሌሊት ቁጭ ብዬ ስለጠበቅኩዎ አልረሳዎትም። የበኩር ልጄ ከእርስዎ ፈጥኖ ተወልዷል።

ጦሱ የመጣው በውጤት ነው። ሥራ አስኪያጃችን የሰርቨሮችን ጥንካሬ እየመረመረ እንደ ትምህርት ቤት ማርክ የሚሰጥ ገጽ አገኙና የእኛን አድራሻ አስገቡ። ቢ ወጣ። ወዲያው አስጠሩኝ። «ሌሎቹ ኤ ፕላስ ናቸው፤ እኛ ምን ጎደለን?» አሉኝ፣ ልክ አባቴ የስምንተኛ ክፍል ካርዴን ይዞ እንደጠየቀኝ። የጎደለው እርስዎ ነበሩ። ሰርቨራችን ከሳጥኑ ሲወጣ ይዞት በመጣው የ1024 ቢት ቁጥር ይተዳደር ነበር፤ ያ ደግሞ በመርማሪው ዓይን የተቀደደ ጫማ ነው።

ስለዚህ ከአንድ አሮጌ መመሪያ ላይ አዲስ ቁጥር የሚያስወልደውን ትእዛዝ ገለበጥኩ። መመሪያው 2048 ይበቃል ይላል። እኔ ግን ሥራ አስኪያጁን አንድ ጊዜ ለሁልጊዜ ዝም ላሰኝ ብዬ 4096 ጻፍኩ። ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው የማመስጠሪያ ፕሮግራም «ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል» ብሎ መለሰልኝ። በሥራ ዘመኔ ስለ ጊዜ እውነቱን የነገረኝ ፕሮግራም ይህ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ «አንድ ደቂቃ ቀርቷል» ብለው ምሳ ያሳልፉብኛል። ከዚያ ነጥብ መጣ። ሌላ ነጥብ። አንድ መስመር ሙሉ ነጥብ። በመካከል የመደመር ምልክት ብቅ ሲል ልቤ ዘለለ፤ ምንም አልሆነም፣ ነጥቡ ቀጠለ። ስክሪኑ ጤፍ የተበተነበት ሰፌድ መሰለ።

ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ያወቅኩት በኋላ ነው። ለካ እርስዎ የትዳር ምርጫ ላይ ነበሩ። መቼም ማንኛውንም ቁጥር አይቀበሉም፤ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል የማይካፈል መሆን አለበት። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከቁጥሩ ላይ አንድ ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘውም እንደዚያው ብቸኛ ቁጥር ካልሆነ ሽማግሌው ከደጅ ይመለሳል። 23 ያልፋል፤ አንድ ሲቀነስለት 22፣ ግማሹ 11፣ ዘሩ ንጹሕ ነው። 13 ግን ግማሹ 6 ነውና አይሆንም። ከ1,230 በላይ አኃዝ ባለው ቁጥር ላይ ይህን የዘር ማጣራት መሥራት ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፤ እኔም በዚያች ሌሊት አወቅኩት። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ተሰልፎ የመጣ እጩ ናት። እርግጥ ነው፣ ምክንያትዎ ከንቱ ኩራት አይደለም። ከቁጥሩ በአንድ የሚያንሰው ጎረቤት ወደ ትንንሽ ቁጥሮች የሚበጣጠስ ከሆነ ሰላዩም ምሥጢሩን እንደ ድፎ ዳቦ እየቆረሰ ይወስደዋል። ይህን አከብራለሁ። ግን ሰባት ቤት ሲቆጠር እንኳ ቡና ይቀርባል።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የሰርቨሩ ባትሪ ለአሥር ደቂቃ ያህል እየጮኸ ታገለ፤ ከዚያ ዝም አለ። መብራቱ ሲመለስ የደረሱበትን ቦታ የሚያውቅ አልነበረም። ፍለጋው የዕድል ነገር ስለሆነ የተሠራው ሁሉ አይቆጠርም፤ ከመጀመሪያዋ ነጥብ ይጀመራል። እኔም ጀመርኩ። የወለዱኝ እናት በዚያን ሰዓት ቢያዩኝ ጠበል ይወስዱኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ቤተሰብዎን መናቄ አይደለም። አባቶችዎ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የግመል ነጋዴዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በላዩ ጨርቅ ጥለው፣ በጣት ዋጋ ይነጋገራሉ፤ የከበበው ሕዝብ የሚያየው የጨርቁን መወዛወዝ ብቻ ነው። ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን (የስምዎ «ዲኤች» ከእነርሱ ነው) እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ሐሳብ ጨርቁን ገፈፈው። ሁለቱ ሰዎች በአደባባይ ይጮኻሉ፣ ገበያተኛው ሁሉ ይሰማል፣ ግን በመጨረሻ ምሥጢር የሚይዙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። (የብሪታንያ የስለላ መሥሪያ ቤት ሰዎች ከእነርሱ ቀድመው ደርሰውበት ኖሮ እስከ 1997 ድረስ አፍነው ይዘውታል። ምሥጢር የመጠበቂያውን መንገድ በምሥጢር መጠበቅ ይሏል ይህ ነው።)

በትንሹ ልሞክረው። 23ን እና 5ን እኔና አንድ ደንበኛ በአደባባይ ተስማማንባቸው እንበል። እኔ 3ን በሆዴ ደበቅኩ። 5ን በራሱ ሦስት ጊዜ ሳባዛ 125፣ ለ23 ሳካፍለው የሚተርፈው 10 ነው፤ «አሥር!» ብዬ ጮኽኩ። ደንበኛው 7ን ደብቆ በዚያው መንገድ ቢያሰላ 17 ደረሰውና «አሥራ ሰባት!» አለ። አሁን እኔ የእርሱን 17 ሦስት ጊዜ፣ እርሱ የእኔን 10 ሰባት ጊዜ ብናባዛና ለ23 ብናካፍል ሁለታችንም 14 ላይ እንገናኛለን። ገበያው 23ን፣ 5ን፣ 10ን፣ 17ን ሰምቷል። 14ን የሰማ የለም። እርግጥ በ23 የሆነውን አንድ ልጅ በእስክሪብቶ ይደርስበታል፤ አኃዙ ከሺህ የበለጠውም ለዚያ ነው።

ውበቱ እዚህ ላይ ነው፦ ግንኙነቱ ሲያልቅ የእኔም 3 የእርሱም 7 ይጣላሉ። ነገ ሌባ ሰርቨሬን ዘርፎ ቢወስድ የትናንቱን ንግግር መፍታት አይችልም። ጊዜያዊ ቁልፍ የተባለው እንግዲህ ይህ ነው። ታዲያ ሁሉም ጊዜያዊ ሆኖ ሲያልፍ አንድ ቋሚ ሰው ይቀራል፤ እርስዎ። 23ቱም 5ቱም እርስዎ ነዎት። በአገራችን «ጊዜያዊ» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ቢሮ ከሁሉ የረዘመ ዕድሜ እንዳለው አውቃለሁ፤ እርስዎ ግን ታፔላውን ለሌላው ሰቅለው ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ነዎት።

እንዲያውም ስለ አንድ ነገር ይቅርታ ልጠይቅዎ ይገባል። በተወለዱ ማግስት ከእኔ በቀር ማንም እንዳያነብዎ ፋይልዎን ዘጋሁት። ቅጂዎን በፍላሽ ገልብጬ ካዝና ውስጥ አስቀመጥኩ። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ስምዎን በሜሴጅ ቢጽፍብኝ ተቆጣሁት። ለካ እርስዎ ሰርቨሩን ላንኳኳ ሁሉ፣ ገና ምንም ሳይመሰጠር፣ ራስዎን ከእነ ሙሉ አኃዝዎ ያስተዋውቃሉ! ከእርስዎ ሥራ ውስጥ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም። ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ ምክር ጉዳይ ልለፍ፤ ሰውን የሚያሳብደው እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ተመራማሪዎች ሎግጃም የተባለውን ጥቃት ይፋ አደረጉ። አሜሪካ በ1990ዎቹ ወደ ውጭ የሚላክ የማመስጠሪያ ሶፍትዌር ደካማ እንዲሆን ደንግጋ ስለነበር 512 ቢት የሆኑ ታናናሽ ወንድሞችዎ በየሰርቨሩ ጓዳ ተረስተው ቀርተዋል። መካከል የገባ ሰላይ ሁለቱን ወገኖች አታሎ ወደ እነዚያ ደካሞች ሊያወርዳቸው ይችላል። በጊዜው ከአንድ ሚሊዮኑ ታዋቂ ገጾች 8.4 በመቶው ለዚህ የተጋለጡ ነበሩ። የባሰው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር መጠቀማቸው ነው። አንድ ፈተና ለሺህ ትምህርት ቤት ሲታደል መልሱን አንድ ጊዜ የሠራ ሰው ለሁሉም ይበቃዋል፤ እዚህም ከባዱ ስሌት በቁጥሩ ላይ ብቻ ስለሚመሠረት፣ ሳምንት ያህል ተደክሞበት ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ግንኙነት በደቂቃ ገደማ ይከፈታል። በብዛት የሚሠራበትን አንዱን የ1024 ቢት ቁጥር ብቻ የሚሰብር አቅም ያለው መንግሥት ከዚያው ሚሊዮን ውስጥ 18 በመቶውን ማዳመጥ እንደሚችልም ተመራማሪዎቹ አስልተዋል።

«እንግዲህ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አብስሉ!» ተባልን። ዱቄት ያልነካ ሁሉ ጋጋሪ ሆነ። እኔም እርስዎን የጋገርኩት በዚያ ግርግር ነው። ዓመት ከጥቂት ወር ሳይቆይ፣ በኦገስት 2016፣ የኢንተርኔት ደንብ አውጪዎች በቁጥር 7919 ሰነዳቸው ከ2048 እስከ 8192 ቢት የሆኑ፣ አስቀድሞ የተጋገሩና የተፈተሹ ቁጥሮችን በስም አወጡ። በበቂ መጠን ትልቅ ከሆነ ሁሉም አንድ ቢጠቀም አያስፈራም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ በየጓዳው ከሚያቦካው ይሻላል ነው ነገሩ። ያኔ «ከገበያ አትግዙ» ያለን ሰው አሁን «ቤት ውስጥ አትጋግሩ» አለን። በኦገስት 2018 ደግሞ ቲኤልኤስ 1.3 የተባለው አዲሱ የኢንተርኔት ማመስጠሪያ ደንብ መጣና ክርክሩን በአንድ ቃል ዘጋው፤ በአዲሱ ሥርዓት ሰርቨር ከቤቱ ያመጣውን ቁጥር የሚያቀርብበት ቦታ ጨርሶ የለም።

እኔ ይህን ሁሉ አልሰማሁም ነበር። አይፍረዱብኝ፤ በመካከሉ አሮጌ ጃቫ የሚጠቀም አንድ አጋር ድርጅት «ከ1024 ቢት በላይ አላውቅም» ብሎ ከእኛ ጋር መነጋገር አቁሞ ስለነበር፣ ለእርሱ ሌላ በር ከፍቼ እርስዎን ከዓይኑ ስሰውር ባጀሁ። ሥራ አስኪያጁም ኤ ፕላሱን አትመው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር።

ባለፈው ወር ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ኤንጂንኤክስ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራማችን እያንዳንዱ እንግዳ በየትኛው የቁልፍ ስልት እንደገባ በመዝገቡ እንዲጽፍ አዘዝኩትና ሠላሳ ቀን ጠበቅኩ። ከዚያ ስምዎን ፈለግኩ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን በምን አንደበት ልንገርዎ? ማንም አይጠራዎትም። ስልኩም፣ ላፕቶፑም፣ የአለቃው ታብሌትም የሚገቡት ኢሊፕቲክ ከርቭ በተባለ ሌላ የቁልፍ መስማሚያ መንገድ ነው፤ እዚያ የሚላከው ቁጥር 32 ባይት ሲሆን የእርስዎ 512 ባይት ነው። እነርሱ በባጃጅ ሲያልፉ እርስዎ ተሳቢ ያለው መኪና ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ክሮም በ2016፣ ፋየርፎክስ በ2020 ትተውዎታል። ያን ሁሉ ሌሊት፣ ያን ሁሉ ነጥብ፣ ያን የካዝና ፍላሽ አሰብኩና ብቻዬን ሳቅኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ከፍተው አይተውኝ ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት።

ማንም አልኩ እንጂ አንድ ደንበኛ አለዎት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ያለማቋረጥ፣ በታማኝነት። አድራሻውን ተከትዬ ብሄድ ምድር ቤት፣ ከጥበቃው ወንበር ጎን ደረስኩ። ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ሰዓት የሚመዘግበው የጣት አሻራ መሣሪያ ነው። ከእርስዎ በቀር ሌላ የቁልፍ ስልት አያውቅም። ከእርስዎ ጋር ለመጨባበጥ ራሱ አራት ሰከንድ ያህል ያምጣል፤ የውስጡ ኮምፒውተር የካልኩሌተር የአክስት ልጅ ነው። ኤንጂንኤክስ ደግሞ ከ1.11.0 እትሙ ጀምሮ የእርስዎ ፋይል ካልተሰጠው ይህን ስልት ለማንም አያቀርብም። ስለዚህ እርስዎ ከተነሡ መሣሪያው ማን መቼ እንደገባ የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ስለ ደኅንነት ስንል የተሸከምነው ቁጥር በመጨረሻ የሚያገለግለው የእኔን ማርፈድ ለሰው ኃይል ክፍል በጥብቅ ምሥጢር ለማድረስ ኖሯል። በዚህ ወር ብቻ አምስት ጊዜ።

የውቅር ፋይሉን አሁን ከፍቼዋለሁ። ስምዎ ያለበት መስመር ፊት አንዲት መሰላል ምልክት (#) ብጨምር በቂ ነው፤ ሰርቨሩ አስተያየት ነው ብሎ ያልፍዎታል። ሥራ አስኪያጁን አስፈቅጃለሁ፤ «ኤ ፕላሱ ካልተነካ የፈለግከውን አድርግ» ብለዋል። አይነካም። የመሣሪያውን ሻጭ አዲስ እትም ጠይቄ ነበር፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ እንልካለን ብለዋል፤ የየትኛው ዓመት ሚያዝያ እንደሆነ አልጻፉም። እስከዚያው በወረቀት እንፈርማለን።

ለውጡን የማደርገው እሑድ ማታ ነው። ሰኞ ጠዋት የመንገዱ ነገር አይታወቅም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የሰርቨር ጠባቂው

ግልባጭ፦
ለካዝናው ፍላሽ
ለጥበቃ ክፍል (ከሰኞ ጀምሮ እስክሪብቶ ያዘጋጁ)