«ምንም የለም፣ ሰላም ነው»

የስለላ ድርጅቶች ሰው ለማሠልጠን ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ ይባላል። ለምን እንደሚደክሙ አይገባኝም። አዲስ አበባ መጥተው ውጭ ለመሄድ «ፕሮሰስ» የጀመረ አንድ ልጅ ቢቀጥሩ ይገላገላሉ። አንድ አልጋ ላይ አብሮት የሚተኛ ወንድሙ ሳያውቅ ፓስፖርት ያወጣል፣ ፈተና ይፈተናል፣ ኤምባሲ ይገባል፣ ቪዛ ይመታለታል። እኛ የምናውቀው በፎቶ ነው። ቦሌ፣ ከሻንጣው ጎን ቆሞ፣ ከሥሩ «ሁሉም በእግዚአብሔር ሆነ» የሚል ጽሑፍ። ከትናንት ወዲያ አብራችሁ ማኪያቶ ጠጥታችኋል። «ነገ እንገናኝ?» ስትለው «እደውልልሃለሁ» ብሎሃል። ደግሞ አልዋሸም። ደወለ። ከፍራንክፈርት።

ይህን ጥበብ የሚያንቋሽሹ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከልቤ አደንቀዋለሁ። ምክንያቱም ሳይንስ አለው። ቪዛ የሚከለከለው ማስረጃ ስለጎደለ ይመስላችኋል? የዋሆች! ቪዛ የሚከለከለው የሰፈር ሰው ስለሰማ ነው። ቆንስሉ ወረቀትህን እያገላበጠ ሳለ፣ ሽሮ ሜዳ አንዲት ሴት «ሊሄድ ነው አሉ» ትላለች። በቃ። ማህተሙ እጁ ላይ ይደርቃል። ዓይን ይገባበታል። ስለዚህ ዝም ነው። ሆድ ይፍጀው ነው። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ላለህ ሁሉ «ምንም የለም፣ ሰላም ነው» ነው።

ከዚህ ጥብቅ ሕግ ነፃ የሆነ አንድ ሰው ብቻ አለ። የሰፈሩ ፎቶ አንሺ። እሱን መዋሸት አይቻልም። ነጩ ሸራ ፊት ስትቀመጥ የሚጠይቅህ ስምህን አይደለም። «የየት አገር ነው?» ነው የሚልህ። አሜሪካ አምስት በአምስት ነው። የአውሮፓው ሸንገን ሦስት ተኩል በአራት ተኩል ነው። መጠኑን ስትነግረው አገሩን ነግረኸዋል። ጥቅምት መጥቶ የዲቪ መሙያ ጊዜ ሲደርስማ ከነፍስ አባት በላይ ምስጢር የሚሸከም እሱ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ቤት ከአንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ተገጣጠምን። ሁለታችንም ደነገጥን። «ለፋይዳ ነው» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ፋይዳ ፎቶውን ራሱ ጣቢያው ላይ እንደሚያነሳ ሁለታችንም እናውቃለን። ፎቶ አንሺው ወደ ጣሪያው አየ።

አሁን ወደ ታናሽ ወንድሜ ልምጣ። እሱ በዚህ ሙያ ዶክትሬት ይገባዋል። ማስተርሱን ሊማር ጀርመን ቦታ ያገኘው በሚያዝያ ነው። እኔ የሰማሁት በሰኔ ነው። እማዬ የተነገራት በነሐሴ፣ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ነው። ግን ለቁልቢ ገብርኤል ገና ሲያመለክት ተስሏል። የታኅሣሡ ንግሥ ላይ ሄዶ ነግሮ መጥቷል። መልአኩ ወሬ አያወጣም።

ጀርመኖች ግን አንድ የማይመች ጠባይ አላቸው። ገንዘብህን አሳየን ይላሉ። ከመምጣትህ በፊት የአንድ ዓመት መኖሪያህን ዝግ ሂሳብ ውስጥ ታስገባለህ። 11,904 ዩሮ። እዚያ ከደረስክ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ እየተቆነጠረ ይለቀቅልሃል። ይህን ወደ ብር አባዝታችሁ ራሳችሁን አታሳምሙ። በተለይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ማባዛት ለጤና ጥሩ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ይህን የሚያህል ገንዘብ ምክንያቱን ሳትናገር ከዘመድ እንዴት ትበደራለህ? ሌላ አገር ሰው አይችለውም። ወንድሜ ቻለው። አጎታችን ጋ ሄደ። «ለምንድን ነው?» አሉት። «ለአንድ ጉዳይ» አላቸው። አጎታችን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ገባኝ» አሉ። ምን እንደገባቸው አልተናገሩም፣ እሱም አልጠየቀም። የጎደላቸውን እሳቸው በተራቸው ከባልደረባቸው ሲበደሩ «ለምን?» ተባሉ። «ለአንድ ጉዳይ» አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ «አንድ ጉዳይ» ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ሜክሲኮን አቋርጦ ሳሪስ ደረሰ። በየደረሰበት ሁሉ ገንዘብ ወጣ። ማንም ምንም አያውቅም።

የተሳሳተችው አክስታችን ብቻ ናት። እሷ «አንድ ጉዳይ» ሲባል ሱቅ ሊከፍት ነው ብላ ገባት። ያላትን አበደረችውና በሳምንቱ ደስ እያላት ሚዛን ገዝታ አመጣችለት። እውነተኛ የሱቅ ሚዛን፣ ከነሳህኑ። ወንድሜ ሳማት፣ መረቀችው፣ «እህሉን በደህና ያስለካህ» አለችው። አሜን አለ። ሚዛኑ ሳሎናችን ጥግ ተቀመጠ። እኔ ነገሩን የጠረጠርኩት ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱም ወንድሜ ዕቃ መሸጥ ቀርቶ መግዛትም አይችልም።

የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቀንማ ተዉት። ከመሥሪያ ቤቱ «ዘመድ ታሞብኝ» ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ፈተና ክፍል ሲገባ ከፊቱ ያለው ወንበር ላይ የቢሮ ባልደረባው ተቀምጧል። ያ ልጅ ያን ዕለት ለቅሶ ነው የሄደው። በእረፍት ሰዓት ተፋጠጡ። «ሰው ልሸኝ መጥቼ ነው» አለ አንዱ። «እኔም» አለ ሌላው። ተመልሰው ገብተው ጻፉ። ውጤቱ ሲመጣ ወንድሜ በሁሉም ደህና ሆኖ በንግግሩ ክፍል ዝቅ አለ። አልገረመኝም። ፈታኟ «ስለ ራስህ ንገረኝ» ብላዋለች። ይህ እኮ ለእኛ ሰው ጥያቄ አይደለም፤ ምርመራ ነው።

ደግሞ ቸርነታችን አይረሳ። ጓደኛህ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ሲያገኝ ብቻውን አይበላም። ይልክልሃል። የማመልከቻው ቀን ባለፈ በማግሥቱ። «ይሄን አይተኸዋል?» ይላል፣ ከሥሩ የሚያዝን ፊት አድርጎ። እሱ ራሱ ሞልቶ ከላከ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የትኛው ማስረጃ በየትኛው ቢሮ እንደሚረጋገጥ፣ የወጪ መጋራት ሳይከፈል ኦሪጅናል ዲግሪ እንደማይሰጥ፣ ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ልጅ ለየብቻው፣ በየራሱ ግንባር፣ ከየራሱ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ነው የሚማረው። እንዲህ ያለ ተግባራዊ ትምህርት የትም የለም።

ከሁሉ በላይ የምስጢራችንን ክብር የሚጠብቅልን ግን ደላላው ነው። ወደ አረብ አገር ልትሄድ ለተነሳች ልጅ የሚሰጣት የመጀመሪያ ምክር «ለማንም እንዳትነግሪ» ነው። ምን ዓይነት አሳቢ ሰው ነው! እናቷ ጥጃ ይሸጣሉ፤ እሷ የትኬት ትከፍለዋለች። የቪዛ ትከፍለዋለች። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የቪዛውንም የትኬቱንም ወጪ አሠሪው ይሸፍን ይላል። ይህን ከሁለት ቤት ወዲያ ያለች፣ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት በደንብ ታውቃለች። ደሞዝ ሲከለከል ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ፓስፖርት ሲወሰድ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ሁሉን ትነግራት ነበር። ግን ማን ይጠይቃታል? ዓይኗ ቢከፋስ? ዓይን ከሚገባብን ደላላ ይግባብን። ልጅቷ በሌሊት ወጣች። ሴትየዋ በማግሥቱ ቡና ስትጠጣ «ያቺ ልጅ የት ጠፋች?» አለች።

ለነገሩ ባሕር ተሻግሮም አይለቅም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ቤት ገብታችሁ አንዱን «ምን ትሠራለህ?» በሉት። «አለሁ፣ ምንም አይል» ይላችኋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ወንድሜ ሁሉን አሟልቶ አንድ ነገር ዘነጋ። እማዬን። እናት ልጇ ሊሄድ ነው ከተባለች አፏን መያዝ ትችል ይሆናል፣ በርበሬዋን ግን አትችልም። ትኬቱ የመስከረም ነው። ወሩ ነሐሴ ነው። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። እማዬ በርበሬ አሰጣች። ፀሐይ ብልጭ ስትል ታወጣለች፣ ሲያንጎዳጉድ እየሮጠች ታስገባለች። በሰፈራችን በነሐሴ በርበሬ ያሰጣ ሰው ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ወንድሜ ሊያብድ ደረሰ። «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አላት። «ለፍስክ ነው እላለሁ» አለችው። በኋላ ቤት ውስጥ፣ ምጣድ ላይ ማመስ ጀመረች። ሰፈሩ በሙሉ አስነጠሰ። አንድም ሰው ግን ለምን እንደሚያስነጥሰው አልጠየቀም።

ከሰዓት ከአጥር ወዲያ ያሉት እናት ሰፌድ ይዘው ገቡ። ሳይጠሩ። «ልቀንጥስልሽ» ብለው ቁጭ አሉ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተወራ። ስለ ፍልሰታ ተወራ። ልጃቸው አዳማ ነው የምትሠራው፤ ስለ እሷም ተጠየቀ፣ ደህና ናት ተባለ። ተፈጭቶ የመጣውን እማዬ በአክስቴ ሚዛን መዘነችው። አምስት ኪሎ ሆነ። ሦስቱን ለብቻ ቋጠረች፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ፣ በዚያ ላይ ፕላስተር። ሴትየዋ ሚዛኑን አዩ። ፕላስተሩን አዩ። የሰፌዳቸውን ገለባ አራገፉ።

በር ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

«ኮረሪማውን ለብቻው አስቋጥሪለት። እዚያ እሳት ነው አለችኝ ልጄ።»

እማዬ ትንሽ አሰበች።

«አዳማ ኮረሪማ ተወዷል እንዴ?»

«ኧረ አይነሳ!» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።