መርፌውን እያየሁ ክፈተው ማለት ምኑ ነው ስድብ?

ወገን እስኪ ንገሩኝ፣ ክንዴ ላይ ትንሽዬ መስቀል ልነቀስ ብዬ እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ታቱ ቤት ስዞር ሰነበትኩ፣ ግማሹ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው፣ ወለሉ ላይ ፀጉር እየተጠረገ እዛው ጎን ሰው እየደማ ይነቀሳል። አንዱን መርፌው አዲስ ነው ወይ ስለው "አታስቢ የኔ እህት በአልኮል ጠርጌዋለሁ" አይለኝም! እያየሁ ካልተከፈተ አልነቀስም ስል ደግሞ ተቆጣ፣ "ካላመንሽኝ ሌላ ጋ ሂጂ"።

አልኮል እኮ ደም የነካ መርፌን ስቴራላይዝ አያደርግም፣ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም! ሰዉ ኤችአይቪን ብቻ ነው የሚፈራው፣ የጉበት ቫይረስ ሄፓታይተስ ቢ ግን ከሰውነት ውጪ 7 ቀንና ከዛም በላይ በህይወት ይቆያል። መርፌ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ፣ ቀኑ ያላለፈ፣ ለአንድ ሰው ተሰርቶበት የሚጣል ነው መሆን ያለበት። የማይጣለው የማሽኑ ብረት ደግሞ መጀመሪያ በደንብ ታጥቦ ኦቶክሌቭ የሚሉት የእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ ይገባል፣ 121 ዲግሪ በታመቀ እንፋሎት ቢያንስ 15 ደቂቃ። ኦቶክሌቭ አላችሁ ወይ ስል አብዛኞቹ ምን እንደሆነ ራሱ አያውቁትም። ቀለሙስ? መርፌው አዲስ ሆኖ ሁሉም ከአንድ ጠርሙስ እየተነከረለት ከሆነ ምን ዋጋ አለው፣ ለየሰዉ በትንሽ ክዳን ተቀድቶ የተረፈው መደፋት አለበት። ያበድኩት ግን ጓንቱ ላይ ነው፣ ልጁ እየነቀሰ ስልኩ ጠራ፣ በዛው ጓንት አንስቶ አወራ አወራና ተመልሶ የልጅቷን ቁስል ጠረገ!!

አያቶቻችን በመርፌና በጥላሸት ድዳቸውን አንገታቸውን ተነቅሰው ምን ሆኑ የሚለኝም አለ። ማን መርምሯቸው ያውቃል? ሄፓታይተስ ቢ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ጉበት ሊጨርስ ይችላል፣ ሰውየው ሲሞት የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ይቀበራል።

ደግሞ በጎንደር! በፈረንጆቹ 1954 የህዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንንና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንፅህና ባለሙያ) አሰልጥኖ ለአገሩ ሲልክ የኖረ ከተማ እኮ ነው። ታቱ ቤት ገብቶ መርፌያችሁን አሳዩኝ የሚል ተቆጣጣሪ ግን እስካሁን አላየሁም። ጥምቀት ደርሶ ከተማው በእንግዳ ሲሞላና ወረፋው ሲረዝም እንዴት ሊሆን ነው?

ለማንኛውም ልነቀስ የምታስቡ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፣ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት፣ በሶስት ዙር ስለሚሰጥ ወራት ይፈጃል። ንፁህ ቦታ የምታውቁ ደግሞ ንገሩኝ፣ አዘዞም ይሁን ማራኪ እሄዳለሁ፣ ግን ስራው ያምራል ብቻ አትበሉኝ፣ መርፌውን እያያችሁ ነው የከፈተው? ሲጨርስስ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሳጥን) ውስጥ ጣለው ወይስ መሳቢያው ውስጥ መለሰው?